ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለሆድ ድርቀትና መነፋት ኮሶና ፍላጅል ከመውሰድዎ በፊት

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ሆዴ ይነፋል፤ በሳምንት ሁለቴ ቢወጣልኝ ነው። ፍላጅል ገዝቼ ወሰድኩ፣ ለውጥ የለም። ጎረቤቶቼ ኮሶ ጠጥተሽ አንጀትሽን አጽጂ ይሉኛል። በምግብ ማስተካከል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ኮሶውን ግን ይተዉት። ኮሶ ለኮሶ ትል እንጂ ለድርቀት አይሆንም፤ መጠኑ ሲበዛም ይመርዛል፣ ዓይንን ሊጎዳ ይችላል። ፍላጅልም ያለ ሰገራ ምርመራ አይወሰድ። አሜባና ጃርዲያን ሲገድል የአንጀትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም አብሮ ያጠፋል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት እኛ የማንፈጨውን ፋይበር ነው። አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም ያስፈልገዋል። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 15 ግራም ገደማ አለው፤ ቀሪውን ጤፍ፣ ማሽላ፣ በሶና ጎመን ይሞሉታል። የእንጀራው እርሾ ባክቴሪያ ምጣድ ላይ ቢሞትም የጤፉ ፋይበር አይጠፋም።

በአንድ ጊዜ ግን አያብዙት። ያልለመደ አንጀት ጥራጥሬ ሲበዛበት በጋዝ ይወጠራል፤ ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚተወው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ግማሽ ኩባያ ምስር ይበቃል። ባቄላና ሽምብራ ከሆነ አሳድረው ዘፍዝፈው፣ ውሃውን ደፍተው በአዲስ ውሃ ይቀቅሉ።

ተልባ በጣም ይረዳል፤ አጥልለው ውሃውን ብቻ ከጠጡ ግን ዋናው ነገር ወንፊቱ ላይ ቀረ ማለት ነው። ተቆልቶ ከተወቀጠው አንድ የሾርባ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ሳያጠልሉ ይጠጡ፤ ሌላ ብርጭቆ ውሃ ያስከትሉ። ውሃ ካነሰ ተልባው ራሱ ያደርቃል።

እርጎ ከወደዱ ከጥሬ ወተት አይሥሩት፤ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት ወደ ሰው የሚመጣ በሽታና የከብት ቲቢ ይተላለፉበታል። ወተቱን አፍልተው ጣት እስኪችለው ያቀዝቅዙ፤ ለአንድ ሊትር ሁለት የሾርባ ማንኪያ የታሸገ እርጎ ጨምረው ይክደኑት። ኮምቦልቻ ላይ አዳር ይበቃዋል፤ ደሴ ብርድ ላይ በጨርቅ ካልተጠቀለለ ይዘገያል።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ ይህ ሁሉ ብዙም አይረዳዎትም፤ ጫት ምግብ ይዘጋል፣ ሆድም ያደርቃል።

ቁርስ ከተበላ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት አንጀት በራሱ ይነቃል። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ ብለው ስሜቱን ከያዙት፣ ሰገራው ውስጥ ያለው ውሃ ተመጦ ይደርቃል። 20 ደቂቃ ቀደም ብለው ይነሱ። ከሥራ ሲወጡም ግማሽ ሰዓት በእግርዎ ይሂዱ።

ሰገራዎ ደም ካለው ወይም ከጠቆረ፣ ያለ ምክንያት ከከሱ፣ ወይም በአራት ሳምንት ለውጥ ካላዩ ጤና ጣቢያ ሄደው ይመርመሩ። የደም ማነስ አይረን ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ እሱም ያደርቃል፣ ሰገራንም ያጠቁራል።