ብር ከማስያዝህ በፊት ፈረሱን ሲራመድ እየው

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። አንዱ፣ ለጥምቀት ሰሞን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጎረምሶች ፈረስ ሲያሽቀዳድሙ ጓደኞችህ ብር ስለሚያሲዙ የትኛውን ልያዝ የሚል ነው። ሌላው ስልክ ላይ በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጡት ፈረሶች በምን ይለያሉ የሚል። እስካሁን የተሰጡህን መልሶች አንብቤ ዝም ማለት አቃተኝ። "ቦራውን ያዝ"፣ "ዳማ አያሳፍርም"፣ "አንገቱን ቀልሶ የሚደንሰውን እየው"... በመልክ የሚመረጠው የሙሽራ ፈረስ ነው። ድንጉላ (ያልተኮላሸ ወንድ)፣ ሰንጋ (የተኮላሸ) እና ባዝራ (ሴት) ትለያለህ ብዬ ስለማስብ ከዚያ በታች ወዳለው አልወርድም።

1. ፈረሶቹ ሳይመጡ ሜዳውን በእግርህ ዙረው። የሱሉልታ መሬት መረሬ ነው። ክረምት ላይ ፈረስ ይውጣል፤ ጥር ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ሰኮና የሚያስገባ ቦታ አለው። ዝቅ ያለው ጥግ ደግሞ በበጋም ርጥበት አይለየውም፤ ላዩ ሣር ስለሆነ ከሩቅ አይታወቅም። አስር ፈረስ ጎን ለጎን ሲነሳ በረግረጉ በኩል የቆመው ገና ከመነሻው ተበድሏልና ማን የት እንደሚቆም እይ። ርቀቱንም ጠይቅ። እዚህ ላይ አዘጋጅ ነን ባዮቹ ያበሽቃሉ፦ ርቀቱን የሚናገሩት ብሩ ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የጠየቃቸውን "ምን አገባህ" ይሉታል። ቢቆጡም ጠይቅ። ለ800 ሜትር የሚመረጠው ፈረስና ለ3 ኪሎ ሜትር የሚመረጠው አንድ አይደለም። በአጭሩ ፈጥኖ የሚነሳ፣ በረጅሙ ልቡና ሳንባው የደረጀ ነው የሚያሸንፈው። ባንዲራ ዞሮ መመለስ ካለበት ደግሞ መታጠፍ የማያውቅ ፈረስ ቀጥታው ላይ ያተረፈውን ሁሉ እዚያ ይጥለዋል።

2. ጋላቢውን እይ። በእንግሊዝ አገር ሃንዲካፕ በሚባለው ውድድር የተሻለው ፈረስ የበለጠ ክብደት ይሸከማል፤ በ1600 ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ገደማ ጭማሪ አንድ የፈረስ ርዝመት ወደኋላ ያስቀራል ብለው ያሰላሉ። ያ እንግዲህ እስከ 500 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ነው። የኛ የደጋ ፈረስ ከዚያ በብዙ ያነሰ ስለሆነ በ55 ኪሎ ልጅና በ75 ኪሎ ጎልማሳ መሃል ያለው ልዩነት ጨዋታውን ይወስነዋል። ባለቤቱ ራሱ ካልጋለበ ልጁ ፈረሱን ከመቼ ጀምሮ እንደሚጋልበው አጣራ። ለዕለቱ የተዋሰ ጋላቢ ከመነሻው በአለንጋ ይገርፍና ግማሽ መንገድ ላይ ባዶ ያስቀረዋል።

3. ፈረሱን ሲራመድ እየው። ሰው ብሩ የሚበላው በዚህ ነው፦ ታስሮ የቆመ ፈረስ አይቶ ያሲዛል። ቆሞ ሲታይ ሁሉም ደህና ነው። ባለቤቱን "እስቲ በዛብ ይዘህ ሰላሳ ሜትር ያህል ውሰደውና መልሰው" በለው፤ በሣሩ ላይ ሳይሆን በጥርጊያው መንገድ ላይ። ለስላሳ መሬት ብዙ ሕመም ይሸፍናል። ዛቡ ላላ ብሎ ይያዝ። ጭንቅላቱን አጥብቀው ከያዙት ምንም አታይም፤ አንዳንዱ ባለፈረስ አውቆ ነው እንደዚያ የሚይዘው። በእርምጃ ይሂድ፣ በሶምሶማ ይመለስ። በሶምሶማ እግሮቹ በሰያፍ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚያርፉ ጤነኛ ፈረስ ጭንቅላቱ አይወዛወዝም። የፊት እግሩን ያመመው ግን የታመመው እግር መሬት ሲነካ ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ጤነኛው ሲያርፍ ዝቅ ያደርጋል። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል፤ ዝቅ ባለበት ጊዜ ያረፈውን እግር የታመመ ይመስለዋል። ለኋላ እግር ከኋላው ራቅ ብለህ ቆመህ ዳሌውን እይ፤ ከሌላው ይልቅ ከፍና ዝቅ እያለ የሚጫወተው በየት በኩል እንደሆነ ከለየህ ሕመሙ በዚያ በኩል ነው። ሰጋር ከሆነ ሶምሶማ አይረግጥልህም። እሱን በጠባብ ክብ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አስዙረውና እርምጃው የሚያጥርበትን አቅጣጫ ያዝ።

ባለቤቱ ከፈቀደልህ እጅህን ከፊት ጉልበቱ በታች፣ ከኋላ በኩል ባለው ጅማት ላይ ወደ ታች አውርድ። ሁለቱን እግር አከታትለህ ዳስስና አወዳድር፤ አንዱ ከሌላው ከሞቀ ወይም ከወፈረ ዛሬ የሚሮጥ ፈረስ አይደለም። ሰኮናውን አስነሳ። መሃሉ ላይ ያለው ባለ ሶስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ጠቁሮ የሚሸት ከሆነ ጭቃ ውስጥ ሲቆም የከረመ ነው፤ ጠጠር ሲረግጥ ያመዋል። ከአዲስ አበባ ዳርቻ የሚመጡት የጋሪ ፈረሶች እዚህ ላይ ነው የሚታሙት። በየቀኑ ስለሚሠሩ ትንፋሻቸው ከማናቸውም ይሻላል፣ እግራቸውን ግን አስፋልቱ ጨርሶታል። የጋሪ ፈረስ እግሩ ንጹህ ሆኖ ካገኘኸው ለረጅም ርቀት እኔ በዓይን የሚያምረውን ትቼ እሱን ነው የምይዘው።

ኮርቻውን ሳያነሱ አትመን። ገጣባ (ጀርባው የቆሰለ) ፈረስ ኮርቻው ሲጠብቅ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል፤ ጋላቢው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እርምጃው ይቆረጣል። ግላሱ (የኮርቻው ልብስ) አዲስና የሚያብለጨልጭ ከሆነ ከስሩ ያለውን አብዝተህ ጠርጥር። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ በመስመር እንደ ዶቃ የተደረደረ እብጠት ካየህ፣ በተለይ አንዳንዱ ፈንድቶ መግል ከያዘ፣ ብርህን ብቻ ሳይሆን የራስህን ፈረስም አርቅ። በቁስልና በዕቃ የሚጋባ በሽታ ነው፤ ኮርቻና ልጓም አታውሰው።

አፍንጫውንም እይ፣ ምክንያቱም ፈረስ እንደ ውሻ አፉን ከፍቶ አይተነፍስም፣ ያለችው አፍንጫው ብቻ ናት። በግልቢያ ጊዜ ደግሞ በአንድ ዝላይ አንዴ ነው የሚተነፍሰው። ንፍጥ ያለበት፣ የሚያስል ወይም ሲጋልብ ጉሮሮው የሚጮህ ፈረስ ለ800 ሜትር እንኳ አይበቃም። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ጎድኑ ሲነሳ ቁጠር። የልቡ ምት ከ28 እስከ 44 ነው። ከመንጋጋው አጥንት ስር ያለውን የደም ሥር በጣትህ ነክተህ 15 ሰከንድ ቁጠርና በ4 አባዛ። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው ሲያሟሙቁት ነው፦ ጋልቦ ከቆመ ከአስር፣ ከአስራ አምስት ደቂቃ በኋላ ምቱ ከ60 በታች ወርዶ ካላገኘኸው ረጅም ርቀት ላይ ይከዳሃል። ከውድድሩ በፊት አንገቱና ጭኑ መሃል አረፋ የደፈቀውም እንዲሁ ነው፤ ተመልካች "እሳት ነው" ይላል፣ እሱ ግን ጉልበቱን መነሻው ላይ ጨርሷል። ከባዝራ አጠገብ የቆመ ድንጉላ ዋናው ምሳሌ ነው። ጠዋት ሆዱ እስኪነፋ ፉርሽካና ጭድ ያበሉትንም እለፈው።

ዕድሜ የምትጠይቅ ከሆነ አፉን ክፈት እንጂ ባለቤቱን አትመን። መካከለኞቹ የፊት የወተት ጥርሶች በ2 ዓመት ተኩል ይቀየራሉ፣ ቀጥሎ ያሉት በ3 ተኩል፣ የዳሮቹ በ4 ተኩል። በ5 ዓመቱ አፉ ሙሉ ነው። የዳር የወተት ጥርስ ያልጣለ ፈረስ አጥንቱ ገና ነው፤ በደረቅ መሬት ላይ ረጅም ርቀት አታሲዝበት።

ከየት እንደመጣም ጠይቅ። ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ይበልጣል። በፍቼ መንገድ የመጣ የሰላሌ ፈረስ አየሩን ያውቀዋል፣ ለግልቢያም ስም ያለው ነው። ከሞጆ ወይም ከዝዋይ በኩል ትናንት በመኪና ተጭኖ የመጣ ግን ምንም ያህል ቢያምር ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ላይ አየር ያጥረዋል።

አሁን ወደ ብሩ። የናንተ ዓይነቱ መደብ ሁሉም አዋጥቶ አሸናፊውን የያዙ የሚካፈሉት ነው። አስር ሰው 200፣ 200 ብር ቢያዋጣ 2000 ይሆናል። ሰብሳቢው ለድካሜ ብሎ 10 በመቶ ካነሳ 1800 ይቀራል። ስድስት ሰው የያዘው ፈረስ ቢያሸንፍ ለእያንዳንዱ 300 ይደርሰዋል፣ ማለትም ትርፉ 100 ብር ነው፤ ለመክሰር የተጋለጠው ግን 200 ነው። እንዲህ ያለውን ፈረስ የምትይዘው ከሶስት ሩጫ ሁለቱን ከማሸነፍ በላይ ይችላል ብለህ ካመንክ ብቻ ነው። ሁሉም የሚጮህለት ፈረስ ይህን ያህል አስተማማኝ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። አንድ ሰው ብቻ የያዘው 1800ውን ሙሉ ይወስዳል። ስለዚህ ብርህን መጨረሻ ላይ አስይዝ፤ እግሩንም አይተህ፣ ስንት ሰው እንደያዘውም ቆጥረህ። ብሩ በራሱ ፈረስ ባሰለፈ ሰው እጅ አይቀመጥ። ፈረሱ ሳይነሳ ቢቀር ብሩ ይመለሳል አይመለስም፣ ሁለት እኩል ቢገቡ እንዴት ይከፈላል፣ ጋላቢው ወድቆ ፈረሱ ብቻውን ቢገባስ የሚለው ሁሉ ቀድሞ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ጠቡ ሁሌ ከነዚህ ሶስቱ አይወጣም።

የስልኩ ነገር አጭር ነው። በየጥቂት ደቂቃው የሚሮጡት ቨርቹዋል ፈረሶች ኮምፒውተር የሚያወጣቸው ዕጣ ናቸው። እግር የላቸውም፣ ትናንት ያሸነፉትም ለዛሬ ምንም አይናገርም። "4 ቁጥር ከቆየ ይመጣል" የሚሉህ ዝም ብለው ነው። የሚቆጠረው ኦዱ፣ ማለትም ብታሸንፍ ያስያዝከው ብር የሚባዛበት ቁጥር፣ ብቻ ነው። ስድስት ፈረስ በ3፣ በ4፣ በ5፣ በ6፣ በ8 እና በ10 ኦድ ቢሰለፉ 100ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍለህ ደምር፦ 33.3፣ 25፣ 20፣ 16.7፣ 12.5፣ 10፤ ድምሩ 117.5። ከ100 በላይ ያለው የቤቱ፣ የአጫዋቹ ድርጅት፣ ነው። ቤቱ ትርፉን በሁሉም ፈረስ ላይ እኩል ካሰራጨው፣ ካስያዝከው 100 ብር በአማካይ 85 ገደማ ይመለሳል። ሶስት እንዲህ ያሉ ሩጫዎችን በአንድ ቲኬት ስታጣምር ወደ 62 ይወርዳል፤ የጥምር ቲኬት ማስታወቂያ የሚበዛው ለዚህ ነው።

በውጭ አገር የሚደረግ እውነተኛ ውድድር የሚያቀርብ ካገኘህ ብቻ መምረጥ ይቻላል። በእንግሊዝ የተወዳዳሪዎች ዝርዝር ከፈረሱ ስም ጎን ያሉት ቁጥሮች ያለፉ ውጤቶች ናቸው፤ የቅርቡ በቀኝ ጫፍ ያለው ነው። 0 ማለት ከዘጠነኛ በኋላ ገብቷል፣ ሰረዝ የውድድር ዘመን ይለያል። ሲ (C) ፊደል በዚያው ሜዳ፣ ዲ (D) ፊደል በዚያው ርቀት አሸንፎ እንደሚያውቅ ይናገራል። መጀመሪያ ግን የዕለቱን የመሬት ሁኔታ አንብብ፤ በደረቅ መሬት ሶስቴ አንደኛ የወጣ ፈረስ ዝናብ የጠገበ ሜዳ ላይ የመጨረሻ ሊሆን ይችላል።