ስንቅ ያልቋጠረ ጃር

በዚህ ወር ከጎጃም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል የጃቫ ፕሮግራምን ጠቅልሎ በዶከር ስለማስነሳት የተጻፉትን መርጠናል። ዶከር አንድን ፕሮግራም ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር «ኮንቴይነር» በተባለ የተለየ ክልል ውስጥ የሚያስነሳ መሣሪያ ነው። ትዕዛዞቹን በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል፤ ሲተየቡ ግን በላቲን ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የጤፍና የበቆሎ ገቢና ወጪ የሚመዘግብ ፕሮግራም በስፕሪንግ ቡት (በጃቫ ማዕቀፍ) እየሠራሁ ነው። በኮድ መጻፊያዬ በኢንተሊጄ ሳስነሳው ደህና ይሠራል። ጃቫን በሚጠቀልለው መሣሪያ በሜቨን ጃር አድርጌ ኮንቴይነር ውስጥ ሳስነሳው ግን «ኖ ሜይን ማኒፌስት አትሪቢዩት» ብሎ ወዲያው ይቆማል። ምን አጎደልኩ? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ጃር ከዚፕ ፋይል ብዙም የማይለይ ጥቅል ነው። ጃቫ ሲያስነሳው ሜታ-ኢንፍ በተባለው አቃፊ ውስጥ ያለውን ማኒፌስት (ስለ ጥቅሉ የሚገልጽ ፋይል) ያነባል፤ «ሜይን-ክላስ» የሚል መስመር ካጣ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ኢንተሊጄ መነሻውን ክላስም (የኮድ ክፍል) ላይብረሪዎቹንም (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ዝግጁ ኮዶች) በራሱ ስለሚያቀርብ ጉድለቱ እስከዚያ ድረስ ተሸፍኖ ይቆያል።

መስመሩን በእጅ ቢያስገቡት እንኳ ስሕተቱ ወደ «ኖ ክላስ ዴፍ ፋውንድ» ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። ሜቨን እንደተለመደው ሲሠራ የሚጠቀልለው የእርስዎን ክላሶች ብቻ ነው፤ ላይብረሪዎቹ ኮምፒዩተርዎ ላይ ይቀራሉ። ሰዎች «ፋት ጃር» የሚሉት እንግዲህ ስንቁን ቋጥሮ የሚወጣውን ነው።

በስፕሪንግ ቡት ስንቁን የሚቋጥረው ስፕሪንግ-ቡት-ሜቨን-ፕለጊን፣ በተለይም «ሪፓኬጅ» የተባለው ሥራው ነው። ፖም ፋይልዎ (የሜቨን ማዘዣ) ስታርተር ፓረንት የተባለውን የስፕሪንግ ቡት ዝግጁ ማዘዣ የሚወርስ ከሆነ ፕለጊኑን መጥቀስ ይበቃል። ሌላ ፓረንት የሚወርስ ከሆነ ግን ሪፓኬጅን «ኤክሲኪውሽንስ» ውስጥ ራስዎ ይጻፉ፤ እርስዎ ዘንድም የጎደለው ይኸው ይመስለናል። ከዚያ «ሜቨን ክሊን ፓኬጅ» ሲሉ ታርጌት አቃፊ ውስጥ ሁለት ፋይል ይወጣል፦ ትልቁ ጃር፣ እና ስሙ መጨረሻ ላይ «ኦሪጅናል» የተጨመረበት ትንሹ። ዶከርፋይሉ (የዶከር ማዘዣ) ትልቁን ይቅዳ። በሜቨን ፈንታ በግራድል የሚሠራ ሰው ደግሞ «ፕሌን» ከሚለው፣ ስንቅ ከሌለው ጃር ይጠንቀቅ፤ በኮከብ ምልክት «ሁሉንም ጃር ቅዳ» ካለ ሁለቱም ይገባሉ።

ስፕሪንግ ለማይጠቀም የሜቨን ሼድ ፕለጊን አለ። እሱ ላይብረሪዎቹን ፈትቶ አንድ ቋት ውስጥ ስለሚያፈሳቸው ሁለት ነገር ይበላሻል። የተፈረመ ላይብረሪ ካለ የፊርማ ፋይሎቹ (ኤስኤፍ፣ አርኤስኤ) አብረው ይገቡና «ኢንቫሊድ ሲግኔቸር ፋይል ዳይጀስት» ያስብላሉ፤ በፊልተር ያውጧቸው። ሜታ-ኢንፍ/ሰርቪስስ ሥር ስማቸው የተመሳሰለ ፋይሎችም አንዱ ሌላውን ያስቀራል። «ሰርቪስስ ሪሶርስ ትራንስፎርመር» ካልተጨመረ የዳታቤዝ ድራይቨሩ ጃሩ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ «አልተገኘም» የሚባልበት ምክንያት ይኸው ነው።

ጃሩ ተነሥቶ ስለ ክላስ ፋይል ቨርዥን ካማረረ ቁጥሩን ይዩት፤ 61 ጃቫ 17፣ 65 ደግሞ ጃቫ 21 ነው። በ21 የተኮመፐለ በ17 አይነሳም።

ጥያቄ፦ አንድ መስመር ባስተካከልኩ ቁጥር ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ጥቅል) ፑሽ ማድረግ፣ ማለትም በኢንተርኔት መላክ፣ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ኢንተርኔቱን ማፍጠን አልችልም። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ዶከር የሚልከው የተለወጠውን ሌየር (የኢሜጁን ንብርብር) ብቻ ነው፤ እርስዎ ግን ሙሉውን ጃር አንድ ሌየር አድርገውታል። ከስፕሪንግ ቡት 2.3 ጀምሮ ጃሩን በ«ጃርሞድ» ፈትቶ በአራት መክፈል ይቻላል፦ ላይብረሪዎች፣ ሎደሩ (አስነሺው)፣ ስናፕሾት (ገና በሥራ ላይ ያሉ) ላይብረሪዎች፣ በመጨረሻም የእርስዎ ኮድ። በዚህ ቅደም ተከተል ከቀዷቸው ከሁለተኛው ፑሽ ጀምሮ የሚሄደው ኮድዎ ብቻ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ግን አንዲት ፊደል ስትለወጥ ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና ይሠራል።

መኮምፐሉን በጄዲኬ (መኮምፐያ ባለው የጃቫ ጥቅል)፣ የመጨረሻውን ኢሜጅ በጄአርኢ (ማስነሻው ብቻ ባለው) ያድርጉት። አልፓይን የተባለው ሊኑክስ ትንሽ ነው ብለው ከመዝለልዎ በፊት ግን ልብ ይበሉ፤ የተለመደውን ግሊብሲ ሳይሆን መስል የተባለውን የሲ ላይብረሪ ስለሚጠቀም በሲ የተጻፈ ክፍል ያላቸው አንዳንድ ላይብረሪዎች እምቢ ይላሉ።

ጥያቄ፦ ለኮንቴይነሩ 512 ሜጋባይት ሰጥቼ ኤክስኤምኤክስንም (የጃቫን የሜሞሪ ወሰን) 512 አድርጌዋለሁ። ሥራ ሲበዛ በመውጫ ቁጥር 137 ይሞታል፤ ሎጉ ላይ ምንም የለም። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ 137 ማለት 128 ሲደመር 9 (የመግደያው ምልክት ቁጥር) ነው፤ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ያለማስጠንቀቂያ ገድሎታል፣ ሎግ ለመጻፍ ጊዜ የለውም። በ«ዶከር ኢንስፔክት» ሲያዩት «ኦኦኤም ኪልድ» (በሜሞሪ እጦት ተገድሏል) የሚለው እውነት ከሆነ ጥፋቱ የሜሞሪ ነው። ኤክስኤምኤክስ የሚወስነው ሂፑን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸው ነገሮች የሚቀመጡበትን ሜሞሪ፣ ብቻ ነው። ሜታስፔስ (የክላሶች መረጃ)፣ ኮድ ካሽ (ወደ ማሽን ቋንቋ የተተረጎመ ኮድ)፣ እንዲሁም ለእያንዳንዱ ትሬድ (ጎን ለጎን ለሚሄድ ሥራ) እስከ 1 ሜጋባይት የሚደርስ ስታክ ከሂፑ ውጭ ናቸው፤ እርስዎ ለእነሱ ያስቀሩት ቦታ የለም።

ኤክስኤምኤክስን ያስወግዱና «ማክስ ራም ፐርሰንቴጅ»ን 60 ያድርጉት፤ ሂፑ ወደ 307 ሜጋባይት ይሆናል። ሁለቱንም መተውም አያዋጣም፤ ጃቫ በራሱ የሚወስደው ሩቡን፣ 128 ሜጋባይት ያህል ነውና ሌላው ሜሞሪ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ይህን የሚያስገቡት «ጃቫ_ቱል_ኦፕሽንስ» በተባለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል ይሁን። ብዙ ሰው የሚጽፈውን «ጃቫ_ኦፕትስ»ን ጃቫ ራሱ አያነበውም።

ኦኦኤም ኪልድ ሐሰት ሆኖ 137 የሚመጣው «ዶከር ስቶፕ» ሲሉ ከሆነ ኢንትሪፖይንቱን (ዶከርፋይሉ ላይ ያለውን የማስነሻ ትዕዛዝ) ይመርምሩ። በማዕዘን ቅንፍ ካልተጻፈ ጃቫን የሚያስነሳው ሼል (ትዕዛዝ አስፈጻሚው) ነው፤ ሼሉ ደግሞ የመቆሚያውን ምልክት ለጃቫ ላያደርስ ይችላል። ዶከር 10 ሰከንድ ጠብቆ ይገድለዋል፣ የተጀመረ ምዝገባም ሳያልቅ ይቋረጣል።

ጥያቄ፦ ኮንቴይነር ውስጥ ስሞች በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኑ፣ ፒዲኤፉ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ይወጣል፣ ሰዓቱም ትክክል አይደለም። (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ሦስቱም የየራሳቸው መንስኤ አላቸው። የጥያቄ ምልክቱ የኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ቁጥር የሚለወጥበት ስልት) ነው፤ እስከ ጃቫ 17 ድረስ ፋይል የሚነበብበትና የሚጻፍበት ኢንኮዲንግ ከሲስተሙ ሎኬል (የቋንቋ ቅንብር) ይወሰዳል፣ ሎኬሉ ያልተሞላ ኮንቴይነር ደግሞ አስኪን፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ፊደላትን፣ ብቻ ነው የሚያውቀው። ከ18 ወዲህ የእኛንም ፊደል የሚይዘው ዩቲኤፍ-8 ሆኗል፤ ሎጉ ግን አሁንም ሎኬሉን ይከተላል። ዶከርፋይሉ ላይ «ላንግ» የተባለውን ቫሪያብል ሲ.ዩቲኤፍ-8 ያድርጉት። አስቸኳይ ነው፤ አንዴ ዳታቤዝ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የገባ ስም ተመልሶ አይነበብም።

ሳጥኑ የፎንት እጦት ነው። ትንንሽ ኢሜጆች የኢትዮጵያ ፊደል ቀርቶ ምንም ፎንት ላይኖራቸው ይችላል። በዴቢያን ፎንትኮንፊግንና አቢሲኒካ ፎንትን ይጫኑ፤ ፒዲኤፍ የሚሠራው ላይብረሪ ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ እንዲካተት የሚፈልግ ከሆነ ደግሞ የፎንት ፋይሉን ጃሩ ውስጥ ይጨምሩት።

ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ወደኋላ የቀረው ኮንቴይነሩ በዩቲሲ (በዓለም መነሻ ሰዓት) ስለሚቆጥር ነው። «ዩዘር.ታይምዞን»ን አፍሪካ/አዲስ_አበባ ቢሉት ፕሮግራሙ ይስተካከላል፤ ዳታቤዙ በሌላ ኮንቴይነር ከሆነ የእሱ ሰዓት ለብቻው መታየት አለበት።