«የህንድ እንደራሴ» ወይስ «በህንድ የንጉሡ እንደራሴ»?

ጥያቄ፦ የብሪታንያ ቅኝ ገዥዎች ያውለበልቧቸው ለነበሩ ባንዲራዎች በአማርኛ የሥዕል መግለጫ እየጻፍኩ ነው። ገዥ፣ ጠቅላይ ገዥ፣ እንደራሴና ምስለኔ የሚሉትን እንዴት ልለያቸው? ሁሉንስ «ሰንደቅ ዓላማ» ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ መዝገበ ቃላት ከማገላበጥዎ በፊት ጨርቁን ይመልከቱ፤ ሹመቱ እዚያው ላይ አለ። የብሪታንያ ባንዲራ መሐል ነጭ ክብ፣ በክቡ ውስጥ የቅኝ ግዛቱ ዓርማ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ጉንጉን ካለ የ«ገዥ» ነው፤ መነሻው እ.ኤ.አ. የ1869 ደንብ ነው። መደቡ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ በዘውድ ላይ የቆመ አንበሳና ከሥሩ የአገር ስም ካለው የ«ጠቅላይ ገዥ» ነው፤ ይህኛው ከ1931 ወዲህ የመጣ ነው። የብሪታንያው ባንዲራ መሐሉ ላይ የህንድ ኮከብ ኒሻን፣ በላዩም ዘውድ ካለበት፣ ጉንጉንም ከሌለው፣ በህንድ የነበረው «እንደራሴ» ባንዲራ ነው።

እዚህ ላይ ዘመን ያሳስታል። ህንድ ቀድሞ ያስተዳድራት ከነበረው ከብሪታንያው የምሥራቅ ህንድ ንግድ ኩባንያ እጅ ወደ ዘውዱ የተዛወረችው በ1858 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን እነ ዋረን ሄስቲንግስን «እንደራሴ» ማለት ስሕተት ነው፤ ጠቅላይ ገዥዎች ነበሩ። ማውንትባተንም እስከ ነሐሴ 1947 እንደራሴ፣ ከዚያ በኋላ ጠቅላይ ገዥ ብቻ ነው። የፓኪስታኑ ጂና ግን ከመነሻውም ጠቅላይ ገዥ እንጂ እንደራሴ አልነበረም።

ትልቁ ችግር ግን «የ» ናት። ዛሬ «የሕዝብ እንደራሴ» ስንል የምክር ቤት አባል ማለታችን ስለሆነ፣ «የህንድ እንደራሴ» የሚለውን ያነበበ ሰው ህንድ የወከለችው ሰው ይመስለዋል። የላከውን ይጥቀሱ፤ «በህንድ የንጉሡ እንደራሴ»፣ እስከ 1901 ላለው ደግሞ «የንግሥቲቱ እንደራሴ»። ባንዲራ ሲጨምሩ «የበህንድ» አይባልምና «በህንድ የነበረው የንጉሡ እንደራሴ ባንዲራ» ይበሉ። ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተብለዋል፣ ከፌዴሬሽኑ በኋላ ኤርትራ የተላኩት አንዳርጋቸው መሳይም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ነበሩ። የመጀመሪያው በዙፋኑ አጠገብ ሆኖ የሚያስተዳድር፣ ሁለተኛው ርቆ የሚወክል ነው፤ ለህንዱ የሚስማማው ሁለተኛው ነው።

«ምስለኔ»ን ይተዉት። አፈጣጠሩ «እንደራሴ»ን ቢመስልም በእኛ አስተዳደር የአነስተኛ አካባቢ ሹም ነው፤ ሚሊዮኖችን ለሚገዛ ሰው ቢሰጡት ያስቃል።

«ሰንደቅ ዓላማ»ን ለአገር ያቆዩት። እነዚህ የሹመት ምልክቶች ናቸው፤ የገዥዎቹማ መጀመሪያ የታሰበው ሹሙ በጀልባ ወይም በመርከብ ሲሳፈር እንዲሰቀል ነበር። «የገዥው ባንዲራ» በቂ ነው። «ባንዲራ» የባዕድ ቃል ነው ብለው የሚሸሹት አሉ፤ እኔ ግን ልዩነቱን ለማሳየት የሚያገለግል ቃል ለምን እንደሚጣል አይገባኝም።

ጉንጉኑን «የአበባ ጉንጉን» እንዳይሉት፤ ቅጠል እንጂ አበባ የለውም። «የቅጠል ጉንጉን» ይጻፉ።