ነጻነቷ በማን ገንዘብ ነው?

ጠያቂያችን እንደ ገለጹት፣ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ ለንደን ውስጥ የምትኖር፣ ፖሊስ ሳትሆን ግድያ የምትመረምር ሴት ገጸ ባሕርይ ፈጥረዋል፤ ረቂቁን ያነበቡልዎ ሰዎች ግን «ይህችማ የድሮ ቀሚስ የለበሰች የዛሬ ሴት ናት» ብለውዎታል። ይኸው ወቀሳ በእኔም የመጀመሪያ ረቂቅ ላይ ስለ ደረሰ፣ እንዴት እንዳረምሁት ልንገርዎ።

የእኔዋ ጀግና በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ሴቶች መብት ሁለት ገጽ ሙሉ ትናገር ነበር። ረቂቁን ያነበበችልኝ ጓደኛዬ ንግግሩን ዘልላ «የሠረገላዋን ሂሳብ ማን ይከፍልላታል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ መልስ አልነበረኝም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት የምታገኘው ደመወዝ ሳይቀር የባሏ ነበር፤ የሠራችበትን ገንዘብ ለራሷ እንድትይዝ የፈቀደው የ1870ው ሕግ ሲሆን፣ ንብረቷን በስሟ የማስተዳደር መብት ያገኘችው በ1882ቱ ሕግ ነው። ባሏ የሞተባት ወይም አካለ መጠን ደርሳ ያላገባች ሴት ግን በራሷ ስም ንብረት መያዝና መዋዋል ትችል ነበር። ስለዚህ ጀግናዬን አነስተኛ ዓመታዊ ገቢ የተተወላት መበለት አደረግኋትና ንግግሩን በሙሉ ሰረዝሁት። የሐዘን ልብሷም ሳላስበው ጠቀመኝ፤ ጥቁር ለብሳ የመጣችን ሴት ከደጅ የሚመልስ ሰው ብዙ አይደለም።

ሌላው ስሕተቴ በአሟሟት ምርመራው ችሎት ተነሥታ እንድትከራከር ማድረጌ ነው። ምርመራው ብዙ ጊዜ በመጠጥ ቤት አዳራሽ የሚካሄድ፣ ቢያንስ 12 ወንዶች በዳኝነት ተቀምጠው አስከሬኑን የሚያዩበት ነበር፤ ሴቶች በእንዲህ ዓይነት ሸንጎ እንዲቀመጡ የተፈቀደው ከ1919 በኋላ ነው። ምስክር ሆና ግን ልትጠራ ትችላለች። በአዲሱ ረቂቅ የተጠየቀችውን ብቻ መለሰች፤ ያልጠየቋት ነገር እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ድረስ በእጇ ቆየ።

ከሁሉ በላይ የሠራልኝ አርሴኒክ የተባለው ነጭ መርዝ የሚሸጥበትን መንገድ የወሰነው የ1851ዱ ሕግ ነው። ሻጩ የማያውቀው ሰው ያለ ምስክር መርዙን መግዛት አይችልም ነበር፤ ገዢው በመዝገብ ይፈርም ነበር፤ በትንሽ መጠን የሚሸጠውም ከሐኪም ማዘዣ ውጭ ከሆነ በጥላሸት ወይም ኢንዲጎ በተባለው ሰማያዊ ቀለም መቀለም ነበረበት። ሳይቀለም የሚሸጠው ቀለሙ ሥራውን ለሚያበላሽበትና በክብደት ቢያንስ 10 ፓውንድ (4.5 ኪሎ ገደማ) ለሚገዛ ሰው ነበር። እንግዲህ ሟቹ የጠጣው ወተት ነው እንበል። ፖሊሱ የመድኃኒት ሻጮችን መዝገብ እያገላበጠ የገዢ ስም ይፈልጋል፤ ጀግናዬ ግን ወጥ ቤት ገብታ የወተቱን ማንቆርቆሪያ ያጠበችውን ልጅ «ቀለሙ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ልጅቷ «ነጭ ነበር፣ እመቤቴ» ስትል፣ መርዙ ከተራ መደብር እንዳልተገዛ፣ ይልቁንም አርሴኒክ በብዛት ከሚገዛ ባለሙያ እጅ እንደ ወጣ ትረዳለች። እዚህ ላይ ያስፈለጋት የተለየ ብልህነት አይደለም፤ ቤት ማስተዳደር ማወቅና ከሠራተኛዋ ጋር ብቻዋን መነጋገር መቻል ነው፤ ሁለቱም ከፖሊሱ ይልቅ ለእሷ ይቀርባሉ። (የጣት አሻራ እንዳያስገቡ ግን አደራ፤ የለንደን ፖሊስ የአሻራ ክፍል የተቋቋመው በ1901 ነው።)

ምስጢር ሁሉ የሚያካፍላትን ወዳጅ መርማሪ ፖሊስ ያቆዩት ወይስ ያውጡት ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ብሆን አቆየው ነበር፤ ነገር ግን በነጻ አያካፍላትም። የለንደን ፖሊስ የመርማሪዎች ክፍል በ1842 ሲመሠረት 8 ሰዎች ብቻ ነበሩት፤ ከዐሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ጊዜ የተረፈው ሰው አድርጎ መሣል ይከብዳል። ስለዚህ የመዝገቡን ፊርማ የሚያሳያት፣ እሱ ሊገባበት ካልቻለው የሴቶች ክፍል የሰማችውን ስትነግረው ብቻ ይሁን፤ አንድ ጊዜም ቢሆን ከምትነግረው ላይ ትቀንስበት።