ባለ 8 ጊጋ ራሟን ልትቀይር ለጠየቀችው እህቴ

ጥያቄሽን ላላዩት ልድገመው፦ ፍኖተ ሰላም ላይ የሰርግ ቪዲዮ ትሠሪያለሽ፤ ኮምፒውተርሽ ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600ጂ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ያለሽ አንድ ፍሬ ባለ 8 ጊጋ ራም ነው። ሻጩ ደግሞ «ዲዲአር5 ውሰጂ፣ ፈጣኑ እሱ ነው» አለሽ።

ዲዲአር5 የሚባለውን አዲሱን የራም ትውልድ እርሺው። ፈጣንነቱ እውነት ነው፣ ግን አንቺ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። ፕሮሰሰርሽም የሚያውቀው ከሱ በፊት የነበረውን ዲዲአር4ን ብቻ ነው።

ካርድ ስለሌለሽ ፕሮሰሰሩ ምስሉን የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ነው። ስለዚህ የግድ ሁለት ፍሬ ግዢ። ፍጥነቱ 3200 የሆነ አንድ ራም ቢበዛ በሰከንድ 25.6 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ ሁለት ሲሆኑ 51.2። ለቪዲዮ ሁለት ባለ 16 ብትወስጂ ደስ ይለኛል። ብሩ ካልደረሰ ሁለት ባለ 8፤ አንድ ባለ 16 ግን አይሆንም። አሮጌውን ሽጪው፣ አትቀላቅዪ።

ካርቶኑ ላይ 3200 የሚል ሁሉ አንድ እንዳይመስልሽ። ሲኤል የሚለውን ቁጥር (ራሙ መልስ ለመስጠት የሚዘገየውን ያሳያል) በ2000 አባዢና ለፍጥነቱ አካፍዪ፤ ውጤቱ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። 3200 ሲኤል 16 እና 3600 ሲኤል 18 ሁለቱም 10 ናኖሰከንድ ይመጣሉ፤ 3200 ሲኤል 22 ግን 13.75 ነው። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ከሆነ 3600ውን ውሰጂ፣ ላንቺ ግራፊክስ ይጠቅማል። ካልሆነ 3200 ሲኤል 16 ይበቃል።

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገርሽ። እኔ ማርቆስ ነው የምሠራው። ባሕር ዳር ወርጄ ባለ 3200 ሁለት ፍሬ፣ ያውም ቀይ መብራት ያለው (ሙሽሮቹ የሚያዩት ይመስል!) ገዛሁ። ጥርን ሙሉ እየተንቀራፈፈ ሠራሁበት። አንድ ቀን ታስክ ማናጀር ከፍቼ ሜሞሪ የሚለውን ስነካ ፍጥነቱ 2133! ለካ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብቶ ራሙን በካርቶኑ ፍጥነት የሚያሠራውን ኤክስኤምፒ የሚለውን ማብራት ያስፈልጋል፣ የሸጠልኝ ሰው ትንፍሽ አላለም። አበራሁት፣ 3200 ሆነ።

ከዚያ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ እንደገና 2133። አበራለሁ፣ መብራት ይጠፋል፣ ይመለሳል። ራሙ ተበላሸ ብዬ ስሎቱን ነፋሁ፣ ጥርሱን በላጲስ ጠረግሁ፣ ምንም። የገባኝ የኮምፒውተሩ ሰዓትም አብሮ ወደ ኋላ እየሄደ መሆኑን ሳይ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ ሰዓቱንና የባዮሱን ማስተካከያ የምትይዘው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። ሲአር2032 ናት። ቀየርኳት፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።

ስሎትሽ አራት ከሆነ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሪ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው የሚሰካው። የማዘርቦርዱን ስም እዚህ ጻፊልኝና አይቼ እነግርሻለሁ።