ልጄ ጫት ጀመረብኝ፤ በሩን እንዝጋበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። የ17 ዓመት ልጄ ጫት ጀመረብኝ። መጀመሪያ "ለጥናት ነው" አለኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠጥቶም ይገባል። ድሮ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታ ልጅ ነበር። አባቱ "ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በሩ አይከፈትለትም" ብሏል። ጎረቤት ደግሞ "መንፈስ ነው፣ ጸበል አስገቢው" ይለኛል። ታናሹ ገና 12 ዓመቱ ነው። እሱንም እንዳላጣ ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታዎት።

በሩን አይዝጉበት። ሌላውን ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይሄን ግን ዛሬ ማታ ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ። የአባቱ በር ከመጠጥ ቤቱ በር ቀድሞ ከተዘጋ ልጁ ወዴት እንደሚሄድ ለእርስዎ አይጠፋዎትም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ስለ ጠፋው ልጅ "ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየው" ተብሎ ተጽፏል። ሩቅ ሳለ ያየው መንገድ መንገዱን ሲያይ ስለነበር ይመስለኛል። ያም ሆኖ ያ አባት ልጁ ወደሄደበት አገር ገንዘብ አልላከም። ስለዚህ በሩ ይከፈት፣ እራቱም ይቀመጥለት። የጫት መግዣ ብር ግን አይስጡት።

መንፈስ ነው ወይ ላሉት፣ ሰይጣን ሰውን በሱስ እንደሚፈትን እናምናለን። ነገር ግን የልጁን ማዛጋት፣ መነጫነጭና ከባድ እንቅልፍ ሁሉ መንፈስ አይበሉት። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለ። ምርቃናው ሲወርድ ሰውነት ይዝላል፣ ሆድ ይብሳል፣ ሐራራው ይመጣል። ብዙ ወጣት ታዲያ ምርቃናውን ለማብረድ ብሎ ይጠጣል፤ ጨብሲ የሚሉት ይሄንን ነው። የቅዳሜው መጠጥ ከጫቱ ተለይቶ የመጣ ላይሆን ይችላል።

ጸበሉን እሱ ከፈቀደ ይጠመቅ፤ ጎትተው አይውሰዱት። ሐኪምም ያሳዩት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምረናል። ሌሊቱን ሁሉ የማይተኛ ከሆነ፣ "ሰው ይከታተለኛል" ካለ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ አንድ ቀንም አይዘግዩ። ይህን ለምታነቡ ሌሎችም አንድ ነገር ልጨምር። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በአንድ ቀን አቋርጦ ጸበል ቢገባ ብርቱ መንቀጥቀጥ ሊጥለው፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው አስቀድሞ ሐኪም ይየው።

"ለምን የእኔ ልጅ?" ብለው እንደሚያለቅሱ አውቃለሁ። ብዙ ጊዜ ጓደኛውን እንከሳለን። ቅዱስ ጳውሎስም "ክፉ ባልንጀርነት መልካሙን አመል ያጠፋል" ብሏል፤ እውነት ነው። ግን ነገሩ በጓደኛ ብቻ አይጀምርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እነዚህ ልጆች ትንንሾች ነበሩ። ያዩትን አይተዋል። ስንቶቻችን ቁጭ አድርገን "ምን አየህ? ምን ፈራህ?" አልናቸው? ከዚያ ደግሞ የፈተና ጭንቀት አለ። ተመርቀው ሥራ ያጡ የሰፈር ታላላቆች አሉ፤ ውለው የሚያድሩበት በርጫ ከደጅ ነው። አልኮልና ሲጋራ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ተከልክሏል። ጫት መሸጥ ግን ክልክል አይደለም።

ቤታችንንም እንይ። በበዓል ቀን ለሕፃን "ትንሽ ይቅመስ" ብለን ጠላ የምናቀምስ እኛው ነን። ሲጋራ ግዛ ብለን የምንልከውም ልጅ ነው። አእምሮ በደንብ የሚበስለው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው፤ በልጅነቱ የጀመረ ሰው በሱስ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ለታናሹ እያንዳንዱ የዘገየ ዓመት ትርፍ ነው። የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንደነበረ በየቀኑ ይጠይቁት። እንደ ፖሊስ ሳይሆን ወሬውን እንደናፈቀ ሰው ይጠይቁት። እራት አብራችሁ ብሉ። ወንድሙንም በእሱ ፊት አይስደቡት።

አሁን ልቤን ወደነካው ልመለስ። "ድሮ ከበሮ የሚመታ ልጅ ነበር" አሉኝ። ሲቀር ማን ጠየቀው? እኔ በማስተምርበት ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ጎበዝ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ቀርቶ ማናችንም ቤቱ አልሄድንም። ስንሰማ ሱስ ውስጥ ገብቷል። እስከዛሬ ይቆጨኛል። ሃይማኖት ወጣቱን ከሱስ ይጠብቃል እንላለን፤ ይጠብቃልም። ግን ስም መዝገብ ላይ ስለሰፈረ አይደለም። ሲቀር የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው።

አንድ ሐሳብ ልስጥዎ። ልጅዎ አብሯቸው ከሚቅም ልጆች የአንዱን እናት ያነጋግሩ። ሙስሊም ትሆን ይሆናል፤ ወሎ ነውና ምን ገዶን። እሷም የእርስዎን እንባ ነው የምታነባው። "ልጅሽን ሳየው ልንገርሽ፣ ልጄን ስታዪው ንገሪኝ" ተባባሉ። ሁለት እናቶች የሚነጋገሩበት ሰፈር ውስጥ ልጅ እንደልቡ አይጠፋም።

የልጁን ስም አይላኩልኝ። ያገለግልበት የነበረውን ደብር ብቻ ይንገሩኝ። ከመምህራኑ ጋር ተነጋግሬ ድሮ አብረውት ይዘምሩ የነበሩ ሁለት ሦስት ልጆች እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት መጥተው እንዲጠይቁት አደርጋለሁ። ሲመጡ ስለ ጫት አያንሱባቸው። ቡና ያፍሉላቸውና ልጆቹን ብቻቸውን ይተዉአቸው።