የከበዱ የእንግሊዝኛ ቃላትን ስለማጥናት፦ ጥያቄና መልስ

ደብረ ማርቆስ ላይ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዛሬ ማታ ስለ ቃላት ጠይቁኝ፤ ሰዋስው ለሌላ ቀን ይቆይ። አስቀድሜ ግን፦ ቃልን ለብቻው ነጥላችሁ፣ ከፊቱ አንዲት የአማርኛ ፍቺ ጽፋችሁ አትያዙ።

የፍኖተ ሰላሙ፦ ቲቸር፣ እንግሊዝኛዬን እንዴት ላሻሽል?

መልስ፦ እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ምን ስታነብ የት ላይ እንደተቸገርክ ንገረኝ።

የቡሬዋ፦ 12ኛ ክፍል ነኝ። በቀን ስንት ቃል ልያዝ?

መልስ፦ 8 ወይም 10 ይበቃሻል። ዋናው ወደያዝሽው መመለሱ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የተያዘ ነገር አብዛኛው የሚረሳው ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። ስለዚህ ዛሬ የያዝሽውን ነገ፣ ቀጥሎ በሦስተኛው ቀን፣ ከዚያ በሳምንቱ ተመለሽበት። ፍቺውን በእጅሽ ሸፍነሽ ራስሽን ጠይቂ። ደብተር ማገላበጥ ያወቅሽ ያስመስልሻል እንጂ አያስይዝም።

የዳንግላው፦ እኔ መዝገበ ቃላቱን ከኤ ጀምሬያለሁ።

መልስ፦ አቁም! በፊደል ተራ ስትሄድ በሕይወትህ አንዴ የማታገኘውን ቃል ከዕለት ቃል ጋር እኩል ትደክምበታለህ። መጀመሪያ ተራዎቹን 2,000 ያህል ቃላት አጥራ። ከዚያ አቭሪል ኮክስሄድ የተባለች የኒውዚላንድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችውን ዝርዝር ፈልግ፤ በየትምህርት ዘርፉ መጻሕፍት የሚደጋገሙ 570 የቃል ቤተሰቦች፣ ማለትም አንድ ቃል ከነተወላጆቹ፣ አሉበት። አናላይዝ፣ ሲግኒፊካንት፣ ኢንተርፕሬት ከእነዚህ ናቸው።

የሞጣው፦ የቃል ሥርና ቅጥያ ማጥናትስ ይረዳል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ስፔክት ከላቲን የመጣ ነው፤ ማየት ማለት ነው። ኢንስፔክት ስንል ውስጡን አይቶ መመርመር ነው። ሪትሮ ወደ ኋላ ስለሆነ ሪትሮስፔክት ያለፈውን መለስ ብሎ ማየት ይሆናል። ፕሮ ወደ ፊት ነው፤ ፕሮስፔክት ከፊት የሚጠበቅ ነገር። ሰርከም ዙሪያ ነው፤ ሰርከምስፔክት ዙሪያ ገባውን ሳያይ የማይራመድ ጥንቁቅ ሰው። በአንድ ሥር አራት ቃል ያዝህ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ላቲን ከየት መጣ ብትል፣ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የችሎት ቋንቋ ሆነ፤ ኋላም ሊቃውንቱ በቀጥታ ከላቲንና ከግሪክ ይወስዱ ጀመር። ለዚህ ነው አስክ እና ኢንኳየር፣ ቢጊን እና ኮመንስ ተቀራራቢ ፍቺ ይዘው ጎን ለጎን የሚኖሩት። ኮመንስን ለደብዳቤና ለስብሰባ ተዋት፤ ለጓደኛህ ስትናገር ቢጊን በል።

ግን ሥር ፍንጭ ነው እንጂ ፍቺ አይደለም። ኢንፍሌመብልን ያየ ተማሪ ኢን አፍራሽ መስሎት «የማይቀጣጠል» ይላል። ቶሎ የሚቀጣጠል ማለት ነው! ኢንቫልዩብልም «ዋጋ ቢስ» ሳይሆን ዋጋ የማይተመንለት ነው። ገምታችሁ አትለፉ፤ ከገመታችሁ በኋላ አረጋግጡ።

የቢቸናው፦ ቲቸር ሽምደዳን አጥላሉት። ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት የተማሩት አባቶቻችን የግዕዙን ግስ በቃላቸው ይዘው አይደል ሊቅ የሆኑት?

የደጀኑ፦ ወንድሜ፣ የቅኔ ቤት ተማሪ ግሱን ይዞ አይቀመጥም። ባለ ሁለት ቤት ከሆነው የቅኔ ዓይነት፣ ከጉባኤ ቃና፣ ጀምሮ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ራሱ ደርሶ፣ ለየኔታ ይነግራል፤ ሲያጠፋም ይታረማል።

የቢቸናው፦ ሳይዝ በምን ይቆጥራል ታዲያ?

የሞጣው፦ ሌሎቹን የቅኔ ቤቶች፣ ዋሸራንና ጎንጅንም ጥሩ እንጂ፤ ቅኔ ዲማ ብቻ ነው እንዴ?

የቢቸናው፦ ዲማን ከማን ጋር ነው የምታወዳድረው!

መልስ፦ የጉባኤ ቤቶቹን ነገር ሌላ ቀን እንጫወተዋለን። ሁለታችሁም ግን እኔ የምለውን ነው የተናገራችሁት። ግስ ከነእርባታው ይያዛል፣ ከዚያ ይሠራበታል። ዲሳይድን ስትይዙ ዲሲዥንንና ዲሳይሲቭን አብራችሁ ያዙ። በዚያው ምሽት ስለ ገዛ ሕይወታችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት፤ ለሚያርም ሰውም አሳዩ። እኔ የምቃወመው መያዝን ሳይሆን ይዞ መተውን ነው።

የእንጅባራዋ፦ የትኛው አፕ ይሻላል?

መልስ፦ ማንኛውም። የምትመለሽበት ከሆነ ወረቀትም ይበቃል።

የአማኑኤሉ፦ በቀን ስንት ቃል እንያዝ?

መልስ፦ ለቡሬዋ መልሻለሁ። እባካችሁ ከላይ አንብባችሁ ጠይቁ።

የቡሬዋ፦ ይቅርታ ቲቸር፣ አንድ ልጨምር። በአማርኛ የሚፈታውን መዝገበ ቃላት ልተወው?

መልስ፦ አትተዪው፤ ለመጀመሪያ ፍቺ ፈጣን ነው። ነገር ግን በእርሱ አታብቂ። ቃል ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይሽ በእንግሊዝኛ የሚፈታው፣ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያለበት ነው። እኛ ወፍራም ቡና እንላለን፤ ይህን ይዞ ቲክ ኮፊ የሚል ተማሪ ብዙ ነው። እነሱ የሚሉት ስትሮንግ ኮፊ ነው። መድኃኒት እንውጣለን፤ እነሱ ግን ቴክ ይላሉ። ለዚህ ነው ቃልን ለብቻው አትያዙ እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ። ዛሬ ከያዝሻቸው በሦስቱ ዓረፍተ ነገር ሠርተሽ ነገ ማታ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አርምልሻለሁ።